የሚዙሪና የካንሳስ ድንበር፦ ሌሊት በር ተንኳኩቶ «የማን ናችሁ?» ቢሏችሁስ?

ቆላ_ደጋ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለዚህ ቤት። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሳ ሁሌ የምንሰማው ያንኑ ነው። ሊንከን፣ ጌቲስበርግ፣ ጄኔራል ሊ። ሰማያዊ (ሰሜን) እና ግራጫ (ደቡብ) የለበሱ ሁለት ጦሮች ሜዳ ላይ ይገጥማሉ። «ወንድም ወንድሙን ገደለ» ይባላል፣ የሁለት ጢማም ወጣቶች ፎቶ ጎን ለጎን ይለጠፋል፣ በዚያው ያልቃል። እኔን ሰሞኑን ይዞኝ የከረመው ሌላ ቦታ ነው። ከካንሳስ ጋር በሚያዋስነው የምዕራብ ሚዙሪ ጠርዝ ላይ ይኖሩ የነበሩ ገበሬ ቤተሰቦች። እዚያ ጦርነቱ የሚመጣው ሌሊት በር አንኳኩቶ ነበር።

(ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። እኛ ዘንድ የዓፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነው።)

መነሻውን ባጭሩ ልበል። ሚዙሪ በ1821 ባርነት የተፈቀደባት ግዛት ሆና ኅብረቱን ተቀላቀለች። በ1854 ኮንግረስ «ካንሳስ ውስጥ ባርነት ይኑር አይኑር ሰፋሪው ራሱ ይወስን» አለ። ከዚያ በኋላ ሰላም የሚባል ነገር የለም። ባርነትን የሚቃወሙ ሰፋሪዎች ከሰሜን ምሥራቅ መጥተው ሎውረንስን ቆረቆሩ። ከሚዙሪ ደግሞ ድምፅ ሊሰጡ፣ ካስፈለገም ሊተኩሱ የሚሻገሩ ፈረሰኞች መጡ። በሜይ 1856 ሎውረንስ ተዘረፈች። በዚያው ሳምንት ባርነትን አጥብቆ የሚቃወመው ጆን ብራውን ከልጆቹና ከጥቂት ተከታዮቹ ጋር ፖታዋቶሚ ወንዝ አጠገብ አምስት ሰዎችን ሌሊት ከቤታቸው እያወጣ በጎራዴ አስገደለ። ልብ በሉ፣ ጦርነቱ በይፋ ሊጀመር ገና አምስት ዓመት ይቀረዋል።

በ1861 ደቡቦቹ ሲገነጠሉ ሚዙሪ ጉባኤ ጠራች። ጉባኤው አንገነጠልም አለ። አገረ ገዢው ክሌይቦርን ጃክሰን ግን ልቡ ከደቡብ ነበር። ሸሸ፣ በምትኩ ሃሚልተን ጋምብል ተሾመ። ጃክሰን ግን «ሕጋዊው መንግሥት እኔ ነኝ» ብሎ ቀጠለ። የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች ኅብረት፣ ኮንፌዴሬሽኑም፣ ሚዙሪን ተቀብሎ ባንዲራው ላይ ኮከብ ሰጣት። አንድ ግዛት፣ ሁለት መንግሥት። ከዚችው ግዛት ከ100,000 በላይ ሰው ለሰሜን፣ ወደ 40,000 የሚጠጋ ደግሞ ለደቡብ ዘመተ።

እስቲ ራሳችሁን እዚያው ድንበር ላይ ካስ ካውንቲ ውስጥ አስቀምጡ። አባወራው የለም። ወይ ዘምቷል፣ ወይ ጫካ ገብቷል፣ ወይ ሞቷል። ሌሊት የፈረስ ኮቴ ይሰማል። በር ሲከፈት ሰማያዊ ካፖርት የለበሰ ሰው ቆሟል። «የማን ናችሁ?» ይላል። «የዩኒየን» (የሰሜን) ብትሉ፣ ሰውየው ለደቡብ የሚዋጋው የሽፍታ አለቃ የኳንትሪል ሰው ከሆነስ? የኳንትሪል ሽፍቶች፣ እነዚህ ቡሽዋከር የሚባሉት፣ ከገደሏቸው ወታደሮች የገፈፉትን ሰማያዊ ልብስ ለብሰው ይዞሩ ነበር። «የደቡብ» ብትሉ፣ እውነተኛ የፌዴራል ወታደር ከሆነስ? ከካንሳስ የተሻገረ ጄይሆከር፣ ማለትም የሰሜን ደጋፊ ዘራፊ ፈረሰኛ፣ ከሆነስ? እሱ እንደሆነ ምንም መለሳችሁ ምን በሬውንም አልጋ ልብሱንም ጭኖ ይሄዳል። ከዚያ ደግሞ እራት አቅርቡ ይባላል። ካቀረባችሁ በማግስቱ ጎረቤት «ሽፍታ ያበላሉ» ብሎ ይጠቁማል። ካላቀረባችሁ የሚሆነውን አልነግራችሁም።

«መሐል እንቁም» ያሉም ነበሩ። አልተቻለም። በጁላይ 1862 የፌዴራሉ ጄኔራል ስኮፊልድ ክንዱ የጸና ወንድ ሁሉ ሚሊሻ ውስጥ ይመዝገብ ብሎ አዘዘ። የደቡብ ደጋፊ የሆነም መጥቶ ስሙን ያስመዝግብ፣ መሣሪያውን ያስረክብ ተባለ። ቤቱ ቁጭ ብሎ ከብቱን ሲጠብቅ የነበረው ሁሉ አንዱን መምረጥ ግድ ሆነበት። ብዙው ጫካውን መረጠ። ትዕዛዙ ሽፍታ ለማጥፋት ነበር የወጣው፣ ሽፍታ አፈራ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በኦገስት 1863 አጋማሽ የሽፍቶቹ እህቶችና ዘመዶች የታሰሩበት ካንሳስ ሲቲ ያለ ሕንፃ ተደረመሰ። ቢያንስ አራት ሴቶች ሞቱ። ከሟቾቹ አንዷ የዊልያም አንደርሰን እህት ናት፣ ኋላ «ደመኛው ቢል» የተባለው ሰውዬ። ከሳምንት በኋላ፣ ኦገስት 21፣ ኳንትሪል ከ400 በላይ ፈረሰኛ ይዞ ጎሕ ሲቀድ ሎውረንስ ገባ። ከ150 በላይ ወንዶችና ለአቅመ አዳም ያልደረሱ ልጆች ተገደሉ፣ ብዙዎቹ በሚስቶቻቸው ፊት። የካንሳሱ ሴናተር ጂም ሌን በሌሊት ልብሱ በቆሎ ማሳ ውስጥ ሮጦ አመለጠ።

በአራተኛው ቀን የፌዴራሉ ጄኔራል ቶማስ ዩዊንግ ትዕዛዝ ቁጥር 11ን አወጣ። ጃክሰን፣ ካስ፣ ቤትስ እና የቬርነን ሰሜናዊ ክፍል። እዚያ የሚኖር ሰው፣ ከተወሰኑ ከተሞች አንድ ማይል ክልል ውስጥ ካልሆነ በቀር፣ በ15 ቀን ውስጥ ቤቱን ለቆ ይውጣ። ታማኝነቱን ለጦር ሰፈሩ አዛዥ ያስመሰከረ ወረቀት ይሰጠዋል፣ ወረቀቱ ላይ የምስክሮቹ ስም ይሰፍራል። እሱም ግን ቤቱ አይቀርም። ወይ ወደ ጦር ሰፈር ይጠጋል፣ ወይ ወደ ካንሳስ ውስጠኛው ክፍል ይሄዳል። ቀሪው ከቀጣናው ጨርሶ ይውጣ። ጦር ሰፈር የማይደርስ እህልና ድርቆሽ ይቃጠላል።

ታማኙም ከሐዲውም እኩል ከቤቱ ወጣ ማለት ነው። ወደ 20,000 ሰው እንደተፈናቀለ ይገመታል። የካስ ካውንቲ ሕዝብ ከ10,000 ገደማ ወደ 600 ገደማ ወረደ ይባላል።

የምታውቁትን ጨምሩበት። በተለይ ካንሳስ ሲቲ አካባቢ ያላችሁ።

---

ባለ18_ጎማ

ወንድሜ፣ አካባቢዬን ነው የነካኸው። ካንሳስ ሲቲ ነው የምኖረው፣ ጭነት ይዤ ኢንተርስቴት 49ን ወደ ደቡብ ሁሌ እወርዳለሁ። ሃሪሰንቪል፣ በትለር፣ ኔቫዳ፣ ሦስቱም አንተ የጠራሃቸው ካውንቲዎች ውስጥ ናቸው። ሜዳ ነው። በቆሎ፣ አኩሪ አተር፣ ከብት። ዝም ብሎ ላለፈ ሰው ምንም የተከሰተበት አይመስልም።

ሃሪሰንቪል ላይ ቆም ብላችሁ ብትጠይቁ የድንጋይ የጭስ ማውጫ ታያላችሁ። ቤት የለውም፣ ጭስ ማውጫው ብቻ። የዚያ የተቃጠለ አገር መታሰቢያ ነው። የእንጨት ቤት ሲቃጠል የማይቃጠለው እሱ ብቻ ስለሆነ ገበሬው ሲመለስ ቤቱን የሚያውቀው በጭስ ማውጫው ነበር አሉ። ሰዎቹ «የጄኒሰን የመቃብር ድንጋዮች» ይሏቸው ነበር። ጄኒሰን ከካንሳስ እየተሻገረ ሲያቃጥል የነበረው ኮሎኔል ነው።

ኔቫዳ ደግሞ የቡሽዋከር ሙዚየም አለ። ከተማዋን በሜይ 1863 የፌዴራል ሚሊሻ አቃጥሏታል። በትለር ስትደርሱ ፍርድ ቤቱ ግቢ የጥቁር ወታደር ሐውልት አለ። በአንድ መንገድ ላይ፣ በአንድ ሰዓት ተኩል ርቀት ውስጥ፣ ሦስቱም ሦስት የተለያየ ነገር ነው የሚነግሩህ። የየትኛው ልጅ መሆንህን ሳታውቅ ሬስቶራንት ገብተህ ስለ ኳንትሪል አፍህን ባትከፍት ይሻልሃል። የምሬን ነው።

---

ዝም_አይነቅዝም

«ሽፍታ ያበላሉ ብሎ ጎረቤት ይጠቁማል»... ይሄ ሚዙሪ ነው ወይስ የኛ ሰፈር?

---

አወያይ

የአገር ቤቱ ፖለቲካ የራሱ ክፍል አለው። እዚህ ከተከፈተ ክሩን እዘጋዋለሁ። ታሪኩ ይቀጥል።

---

ፌቨን_ዘሲያትል

ቆላ ደጋ፣ ጥሩ አድርገህ ጽፈኸዋል። ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። «እስቲ ራሳችሁን ካስ ካውንቲ ውስጥ አስቀምጡ» ስትል የማን ቤት ውስጥ ነው ያስቀመጥከን? የገበሬው ቤት። እሺ። እዚያው ግቢ ማድቤቱ አጠገብ ሌላ ጎጆ አለ። እዚያ ውስጥ ያሉትንስ በሩን ያንኳኳው ሰውዬ «የማን ናችሁ?» ብሎ ጠይቋቸዋል?

በ1860 ቆጠራ ሚዙሪ ውስጥ ወደ 115,000 የሚጠጉ ሰዎች በባርነት ነበሩ። ከሕዝቡ አንድ አሥረኛ ማለት ነው። እንደ ሚሲሲፒ ትልቅ የጥጥ እርሻ ላይ አልነበሩም። ብዙው ባለቤት አንድ፣ ሁለት፣ አራት ሰው ነበረው። አብረው ያርሳሉ፣ አንድ ግቢ ያድራሉ። ስለዚህ «የተከፋፈለ ቤተሰብ» ስትል መጀመሪያ የተከፋፈለው ያ ግቢ ነው። ጌታው ሰሜን ይሁን ደቡብ እያመነታ ሳለ ከጓሮ ያለው ሰው ልቡ ካንሳስ ከሄደ ቆይቷል።

ቁጥሩን እይ። በ1860 ካንሳስ ውስጥ የነበሩት ጥቁሮች 627 ነበሩ። በ1865 ከ12,000 በላይ። ያን ያህል ሰው ሌሊት ሌሊት እየኮበለለ፣ አንዳንዱ በበረዶ የረጋ ወንዝ እየተሻገረ ነው የገባው። አንተ ዘራፊ ያልከው ጄይሆከር አንዳንዴ ለእነሱ አጃቢ ነበር።

---

ቆላ_ደጋ

ፌቨን፣ ጦርነቱ የባርነት ጦርነት መሆኑ ላይ ክርክር የለኝም። መነሻውን ስጽፍም የጀመርኩት ከዚያው ነው። የኔ ነጥብ ግን ሌላ ነው። ሚዙሪ ውስጥ ባሪያ እያለው ዩኒየንን የደገፈ ስንት ሰው አለ! ባሪያ ሳይኖረው ከኳንትሪል ጋር የጋለበም አለ። እምነትና ሰልፍ አልገጠሙም። ሰውዬው ለምን እዚያ ወገን ቆመ ብለሽ ብትመረምሪ ብዙ ጊዜ የምታገኚው አጎቱን ማን እንደገደለበት ነው።

---

ፌቨን_ዘሲያትል

አጎቱን ማን እንደገደለበት፣ እሺ። አጎትየው ምን ሲጠብቅ ሞተ?

---

መምህር_ጸ

ልጆች፣ ሁለታችሁም ስትጽፉ ደስ ይላል። ምሳሌ ልስጣችሁ፣ ክርክራችሁን አይፈታም፣ እንዲያውም ያወሳስበዋል።

ሄንሪ ያንገር የሚባል ሰው ነበር። ሃብታም፣ ነጋዴ፣ የሃሪሰንቪል ከንቲባ የነበረ። ባሪያዎች ነበሩት። መገንጠልን ግን ይቃወም ነበር፣ የዩኒየን ሰው ነው። ንብረቱን መጀመሪያ የዘረፉት ከካንሳስ የተሻገሩት፣ ማለትም በስም የገዛ ወገኖቹ ናቸው። በጁላይ 1862 ከካንሳስ ሲቲ ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገድ ላይ ተገደለ። ገዳዮቹ የዩኒየን ሚሊሻዎች ናቸው ተባለ። ልጁ ኮል ያንገር ደግሞ የኳንትሪል ሰው ነው። አባት ዩኒየኒስት፣ ልጅ ሽፍታ፣ አባትን የገደሉት የአባት ወገኖች።

እናትየውስ? ኮል ኋላ እንደተረከው፣ በ1863 ክረምት ወታደሮች መጥተው ቤትሽን በገዛ እጅሽ አቃጥዪ አሏት። ልጆቹ ሕፃናት ናቸው፣ ውጪው በረዶ ነው። እስኪነጋ ታገሡኝ ብላ ለመነች፣ ታገሡላት። ሲነጋ ክብሪቱን ራሷ ጫረች። ኮል ሽፍታ ስለነበር ነገሩን ለራሱ እንደሚመች አድርጎ ማውራቱ አይቀርም፣ ያንን ቀንሳችሁ ስሙት። የሚገርመው ከጦርነቱም በኋላ ከጫካው አልወጣም። ከፍራንክና ከጄሲ ጄምስ ጋር ባንክ ሲዘርፍ ቆይቶ በ1876 ከኖርዝፊልድ፣ ሚኒሶታ ዘረፋ በኋላ ተያዘ። የተለቀቀው በ1901 ነው።

ሌላው ደግሞ ሁላችሁም የምታውቁት ሰው ነው፣ ፕሬዝዳንት ሃሪ ትሩማን። እናቱ ማርታ ኤለን ያንግ ትዕዛዝ 11 ሲወጣ የ10 ዓመት ልጅ ነበረች፣ ጃክሰን ካውንቲ። ከዚያ በፊት በ1861 የጂም ሌን ሰዎች ግቢያቸው ገብተው አሳማዎቹን እየተኮሱ ሲገድሉ የሃሪ አያት እጇ ውኃ እስኪቋጥር ብስኩት እንድትጋግርላቸው አድርገዋት ነበር፣ የቤተሰቡ ወግ ነው። በ1905 ወጣቱ ሃሪ ናሽናል ጋርድ ገብቶ አዲሱን ሰማያዊ የክብር ልብሱን ሊያሳያት ሄደ። አያትየዋ አየችውና ከ1863 ወዲህ ይህ ቤት ሰማያዊ ልብስ ገብቶበት አያውቅም፣ ሁለተኛ እንዳታመጣው አለችው። 42 ዓመት አልፎ! ያ ልጅ ነው እንግዲህ ኋላ የዚያው ጦር ጠቅላይ አዛዥ የሆነው።

---

ባለ18_ጎማ

መምህር፣ የትሩማን ቤት ኢንዲፔንደንስ ውስጥ አሁን ሙዚየም ነው፣ ልጆቼን ይዤ ሄጃለሁ። ይሄን የአያትየዋን ነገር ግን አልሰማሁም ነበር። «አሳማዎቹን እየተኮሱ» ያልከው ለምንድነው? ለመብላት?

---

መምህር_ጸ

የተወሰነውን ለመብላት። ቀሪውን ግን ቤተሰቡ እንዳይበላው። ድንበር ላይ የነበረው ጦርነት ሥራው ይሄ ነበር። ጎተራ ማቃጠል፣ ሥጋ የሚጨስበትን ጎጆ ማፍረስ፣ ከብት መንዳት። ጫካ ያለውን ልጅ ለመያዝ ስላልቻሉ እናቱ ማድቤት ነው የሚዘምቱት። የሚያበላው፣ የሚያለብሰው፣ ቁስሉን የሚያስረው፣ ወሬ የሚያቀብለው እሷ ናት። ይህን ዩዊንግ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ትዕዛዝ 11 የወጣው ለዚህ ነው።

---

ብርሌ

ሁላችሁም ዩዊንግ ላይ ተረባረባችሁ። ሰውዬው ምን ያድርግ? ሎውረንስ ውስጥ ከ150 በላይ ሬሳ ወድቋል። ካንሳስ በሙሉ ደም እንበቀል ብሎ ተነሥቷል። ጂም ሌን በሺህ የሚቆጠር ሰው ሰብስቤ ሚዙሪ እገባለሁ እያለ ነው። ያ ሰልፍ ቢሻገር ካስ ካውንቲ 600 ሰው ራሱ አይተርፍም ነበር። ስኮፊልድም ትዕዛዙን የደገፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሕዝቡን ማውጣት ከመታረድ ማዳንም ነው ብሎ። ሌን እንዳይሻገር ያገደውም ይኸው የፌዴራል ጦር ነው።

ደግሞም ውጤቱን እዩ። በኦክቶበር ኳንትሪል ሰዎቹን ይዞ ቴክሳስ ወረደ። የሚያበላው አጣ።

---

ቆላ_ደጋ

ኳንትሪልማ በየክረምቱ ወደ ደቡብ ይወርድ ነበር፣ ቅጠል ሲረግፍ መደበቂያ የለማ። በ1864 ሽፍቶቹ ተመለሱ፣ ያውም ብሰው። ሴፕቴምበር 27፣ 1864 ሴንትራሊያ ላይ አንደርሰን ከባቡር ያወረዳቸውን ከሃያ በላይ መሣሪያ የሌላቸው ወታደሮች ረሸነ። ሰውን አፈናቅለህ ባዶ ያደረግከው አገር ለሽፍታ አይከፋም። ባለቤት የሌለው አሳማና ዶሮ ጫካው ውስጥ ሞልቷል።

ሌላው፣ ያስፈጸመው ማን እንደሆነ አትርሳ። ብዙዎቹ የካንሳስ ወታደሮች ናቸው። የሎውረንስን ቀብር ቀብሮ የመጣን ሰው የጠላቱን ቤት «በሥርዓት አስለቅቅ» ብትለው ምን እንደሚያደርግ ዩዊንግ አያውቅም ነበር?

---

ብርሌ

ያውቅ ነበር። የተሻለ አማራጭ ንገረኝ እንጂ።

---

ፌቨን_ዘሲያትል

ወደ ጓሮው ጎጆ ልመልሳችሁ። ባለ18 ጎማ በትለር ላይ ያየኸው ሐውልት የ1ኛው ካንሳስ ጥቁር እግረኛ ክፍለ ጦር ነው። ብዙዎቹ ከሚዙሪ የኮበለሉ ናቸው። ኦክቶበር 29፣ 1862፣ ቤትስ ካውንቲ፣ አይላንድ ማውንድ የተባለ ቦታ ከሽፍቶች ጋር ገጠሙ፣ አባረሯቸው። በዚያ ጦርነት ከሰሜን ግዛት የተነሣ የጥቁር ጦር ሲዋጋ የመጀመሪያው ነው። የሊንከን የነጻነት አዋጅ ገና ሁለት ወር ይቀረዋል። ራሳቸውም በፌዴራል መዝገብ ገና አልገቡም ነበር። የአንድ ደቡብ ደጋፊ ቤተሰብን እርሻ ይዘው፣ የአጥሩን እንጨት ከምረው ምሽግ ሠሩ፣ ስሙንም «ፎርት አፍሪካ» አሉት።

አዋጁም ሲወጣ ሚዙሪን አይመለከትም ነበር፤ ከኅብረቱ አልወጣችማ። ስለዚህ ባል ኮብልሎ ወታደር ሲሆን ሚስትና ልጆች በጌታው እጅ ቀሩ። ማርታ ግሎቨር የምትባል የሚዙሪ ሴት በዲሴምበር 30፣ 1863 ለወታደር ባሏ ያስጻፈችው ደብዳቤ አለ። ከሄድክ ወዲህ መከራ እንጂ ሌላ አላየሁም፣ አንተ ስለሄድክ እኔን ይመቱኛል፣ ልጆቹን አንመግብም ይላሉ ትለዋለች። በዚህ ሁኔታ ጥለኸኝ መሄድ አልነበረብህም ብላም ትወቅሰዋለች። እሱ ሌሎች ባለትዳር ወንዶች እንዲዘምቱ ለምኚልኝ ብሏት ኖሯል መሰለኝ፣ ከእንግዲህ ማንንም አልለምንም፣ በኔ የደረሰው ይበቃል ትለዋለች። ልጆቹ ስምህን ሲያነሡ ነው የሚውሉት፣ ፈቃድ ካገኘህ አንዴ መጥተህ እየን።

ይችን ሴት የትኛው ወገን ናት ትሏታላችሁ? የምትፈልገው ነጻነት በባሏ ጠመንጃ ነው የሚመጣው። ጠመንጃውን ባነሣ ቁጥር ደግሞ ዱላው እሷ ጀርባ ላይ ያርፋል።

---

ቆላ_ደጋ

ይሄን ደብዳቤ አላውቀውም ነበር። ደግሜ አነበብኩት።

---

ሰንበሌጥ

ሚዙሪ ላይ ብቻ አትቁሙ። ትንሽ ወደ ደቡብ ውረዱና ያኔ የኢንዲያን ግዛት ይባል የነበረውን፣ የዛሬውን ኦክላሆማ እዩ። የቸሮኪ ነገድ አለቃ ጆን ሮስ ከነጮቹ ጠብ አንገባም ብሎ ነበር። አልቻለም። በኦክቶበር 1861 ከኮንፌዴሬሽኑ ጋር ተፈራረመ፣ በ1862 የፌዴራል ጦር ሲመጣ ደግሞ ወደዚያ ዞረ። ባላንጣው ስታንድ ዌቲ የደቡብ ጄኔራል ሆኖ ቀጠለ። ጁን 23፣ 1865 ነው እጁን የሰጠው፣ ከኮንፌዴሬሽኑ ጄኔራሎች የመጨረሻው። የሁለቱ ጠብ ግን በ1861 አልተጀመረም። በ1835 አገራቸውን በሸጠው ውል ላይ የቆየ የቤተሰብ ቂም ነው። የነጮቹ ጦርነት አዲስ ባንዲራ አለበሰው እንጂ።

ኦፖትሌያሆላ የሚባለው ሽማግሌ የክሪክ መሪ ደግሞ ለዩኒየን የገባነውን ቃል አናፈርስም ብሎ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይዞ በ1861 መጨረሻ በበረዶ ወደ ካንሳስ ተሰደደ። ክሪክ፣ ሴሚኖል፣ የኮበለሉ ጥቁሮች። የደቡብ ጦር እያሳደዳቸው። ብዙው በብርድ አለቀ። የጉዱ ጉድ ሰውዬው ራሱ ባሪያ የነበረው ባለጠጋ ነው። ቆላ ደጋ ያለው «እምነትና ሰልፍ አልገጠሙም» እዚህ በደንብ ይሠራል።

ቴክሳስም አለላችሁ። ኮረብታማው አገር የሰፈሩ ጀርመኖች አንዋጋም ብለው ወደ ሜክሲኮ ሲሄዱ ኦገስት 10፣ 1862 ኑዌሰስ ወንዝ ላይ ተከበው ተገደሉ። ቆስለው የተያዙትም ኋላ ተረሸኑ። ኮምፈርት በምትባል ከተማ በ1866 የቆመ ሐውልት አላቸው፣ ጽሑፉ በጀርመንኛ።

---

ዝም_አይነቅዝም

እሺ ፖለቲካ ትቻለሁ። ጥያቄ፦ ጦርነቱ ሲያልቅ እነዚህ ሰዎች እንዴት ጎረቤት ሆኑ? ያው አንድ መንደር ናቸው። ቤትህን ያቃጠለ ሰው አጥር ተሻግሮ ሲያርስ እያየህ።

---

መምህር_ጸ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙዎቹ ጭራሽ አልተመለሱም። ትዕዛዙ በ1864 መጀመሪያ ላልቶ ታማኝነቱን በመሐላ ያረጋገጠ መመለስ ጀምሮ ነበር፣ ግን ወዴት? ቤት የለ፣ አጥር የለ፣ በሬ የለ። አንዳንዱ መሬቱን ለግብር ዕዳ አጣው።

ሕጉም አላገዘም። በጃንዋሪ 11፣ 1865 ሚዙሪ ባርነትን ሻረች፣ ይሄ የፌቨን ሰዎች ድል ነው። በዚያው ዓመት ደግሞ አዲስ ሕገ መንግሥት መጣና ብረት ለበስ የሚባል መሐላ አመጣ። አስተማሪ፣ ጠበቃ፣ ቄስ፣ መራጭ፣ ሁሉም «ደቡብን በምንም መንገድ ረድቼ አላውቅም፣ በልቤም አዝኜለት አላውቅም» ብሎ ይማል። ለሽፍታ ልጇ ዳቦ የሰጠችስ? ወንድሙ ሲቀበር ያለቀሰስ? ከሰሜን ጄኔራሎች አንዱ የሆነው ፍራንክ ብሌር ራሱ አልምልም ብሎ ድምፅ መስጠት ተከለከለ። አንድ የካቶሊክ ቄስ ሳይምል ሰበከ ተብሎ ተከሰሰ፣ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1867 መሐላው በእንዲህ ባሉ ሰዎች ላይ ሊጫን አይችልም ተባለ።

እናም ለጥያቄህ፣ ጎረቤት የሆኑት ባለመነጋገር ነው። ኢንዲፔንደንስ ውስጥ የኳንትሪል ሰዎች በየዓመቱ እየተሰበሰቡ ይበሉ ይጠጡ ነበር፣ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ። ሎውረንስ የነበሩ መበለቶች ያንን ጋዜጣ ላይ ያነቡ ነበር።

---

ባለ18_ጎማ

ይሄው ነው እኔ ያልኳችሁ። ሬስቶራንት ውስጥ ዝም በሉ።

---

ብርሌ

ዩዊንግስ ምን ሆነ? ማንም አልጠየቀም። ቢንጋም የሚባል ሠዓሊ ሥዕል ሣለበት ሲባል ሰምቻለሁ።

---

መምህር_ጸ

ጆርጅ ኬሌብ ቢንጋም። እሱ ነው እንግዲህ የዚህ ክር ትክክለኛው ሰው። ዩኒየኒስት፣ በጦርነቱ ጊዜ የሚዙሪ ገንዘብ ያዥ። ያ የተደረመሰው የሴቶች እስር ቤት የቤተሰቡ ንብረት ነበር። ዩዊንግን ትዕዛዙን አንሣ ብሎ ለመነው፣ እምቢ ሲለው በሸራ አሳይሃለሁ ብሎ ዛተ አሉ። በ1868 ሥዕሉን ጨረሰ። ከቤቱ የሚባረር ሽማግሌ፣ የተገደለ ወጣት፣ የሚዘርፉ ወታደሮች፣ ጭስ፣ እስከ አድማስ የሚሄድ የስደተኛ ሰልፍ። ፈረስ ላይ ዩዊንግ። ለብዙ ዓመት እየዞረ አሳየው። ዩዊንግ ኦሃዮ ሄዶ ፖለቲካ ውስጥ ገብቶ ነበር። በ1879 ለኦሃዮ አገረ ገዢነት ሲወዳደር ሥዕሉ ከኋላው እየተጎተተ ነው፣ ተሸነፈ። በሥዕሉ ምክንያት ብቻ ነው ግን አልልም። ቢንጋም የምርጫውን ውጤት አላየም፣ በዚያው ዓመት ጁላይ ሞተ።

አንድ ነገር ልጨምር። ይኸው ዩዊንግ በ1865 ጠበቃ ሆኖ የቆመው ለማን መሰላችሁ? የሊንከንን ገዳይ እግር ላከሙት ለዶክተር ሳሙኤል መድ። ከስቅላት አዳናቸው።

---

ፌቨን_ዘሲያትል

ሥዕሉን አሁን ፈልጌ አየሁት። ከሚሰደዱት መካከል ጥቁር ሽማግሌና ልጅ አሉ፣ ሽማግሌው ፊቱን ሸፍኖ። ቢንጋም ከጌቶቻቸው ጋር አብረው እንዳዘኑ አድርጎ ነው የሣላቸው። መምህር፣ በዚያ ሳምንት ከዚያ ግቢ ወጥቶ ወደ ካንሳስ መሄድ የቻለ ጥቁር እውነት እያለቀሰ ነበር የሄደው?

---

መምህር_ጸ

እኔ አይመስለኝም። ቆላ ደጋ ይመልስልሽ።